«የዝይ ዓይን» ገንዘብ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንቷ ቻይና ሳነብ «የዝይ ዓይን» የሚባል ሳንቲም አጋጠመኝ። ዝይ ተስሎበት ነው?

መልስ፦ አልተሳለበትም። ስሙን ያወጣው ገበያተኛው ነው። የቻይና ሳንቲም ክብ ሆኖ መሃሉ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ በገመድ ይሰካል። እ.ኤ.አ. በ465 በደቡቡ የሊዩ ሶንግ መንግሥት ሰው በግሉ ሳንቲም እንዲሠራ ተፈቀደ። ሠሪው ሁሉ መዳብ እየቀነሰ አሳነሰው። የዘመኑ ታሪክ እንደሚለው አንድ ሺሁ ተደርድሮ ከ8 ሳንቲ ሜትር በታች ነበር። እና «የዝይ ዓይን» አሉት።

የባሰም አለ። «የክር ቀለበት» የተባለው ውሃ ላይ ሲጥሉት አይሰምጥም፣ ሲነኩት ይሰባበራል። ነጋዴው መቁጠሩን ተወው። 100,000ው አንድ እፍኝ አይሞላም ተባለ። አንድ ዶው (የእህል መስፈሪያ ነው) ሩዝ 10,000 ሳንቲም ገባ፤ ንግዱም ቆመ። ተከታዩ ንጉሥ መጀመሪያ ሁለቱን አገደ፤ ብዙ ሳይቆይ የድሮ ሳንቲም ብቻ እንዲሠራበት አዘዘ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን መጀመሪያ «የኤልም ፍሬ» የሚባል ሳንቲም ነበር። ኤልም ዛፍ ነው፤ ፍሬው ስስና ነፋስ የሚወስደው። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ግን «ባንሊያንግ» ይላል፤ ግማሽ ሊያንግ፣ የክብደት ስም። ክብደቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ጽሑፉ ቀርቷል። እውነቱን የያዘው የሕዝቡ ቅጽል ስም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክብደቱን ሳንቲሙ ላይ መጻፍ መቼ ተዉ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ621። የታንግ መንግሥት «ካይዩዋን ቶንግባኦ» የሚል ሳንቲም አወጣ። «ቶንግባኦ» የሚዘዋወር ሀብት እንደማለት ነው፤ ክብደት አይጠራም። ችግሩ በዚህ አልጠፋም። በ666 አንዱ እንደ 10 የሚቆጠር ሳንቲም ወጥቶ በዓመቱ ተሰርዟል። ቃሉ ላይ የደረሰው ግን ደስ ይላል። የካይዩዋን ቶንግባኦ አሥሩ አንድ ሊያንግ ስለሚመዝን «ቺየን»፣ ማለትም ገንዘብ፣ ራሱ የክብደት ስም ሆነ። ድሮ ሳንቲሙ ስሙን ከሚዛን ይወስድ ነበር፤ አሁን ሚዛኑ ከሳንቲም ወሰደ። በሆንግ ኮንግና በታይዋን የባህል መድኃኒት ቤቶች ዛሬም ሥራ ሥሩ በ«ቺየን» ይመዘናል።