ቀይ ከረንት በጅማ ያፈራ ይሆን?

ጥያቄ፦ እህቴ ከጀርመን ያመጣችልኝን የቀይ ከረንት (ትናንሽ ቀያይ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ) ችግኝ ጅማ በሚገኘው ግቢያችን ከተከልሁት ሦስት ዓመት ቢሞላውም፣ ቅጠሉ ከመለምለም በቀር አንድም አበባ አላሳየኝም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ የጎደለው ብርድ ነው። ቁጥቋጦው የምዕራብ አውሮፓ ተወላጅ በመሆኑ፣ በበረዶው ወራት ቅጠሉን አራግፎ ለበርካታ ሳምንታት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ካላረፈ እንቡጡ በወጉ አይነቃም፤ ለቡና የተስማማው የጅማ አየር፣ የኅዳር ሌሊቱ እንኳ፣ ለዚህ አይበቃም።

ሌላ መልስ፦ በዚያ ላይ፣ በብዛት የሚያፈራው ሁለትና ሦስት ዓመት በሞላቸው ቅርንጫፎች ላይ ስለሆነ፣ እባክዎ እነዚህን አይከርክሙ።

ጠያቂው፦ እኔማ በየሐምሌው ከአጥሩ ጋር አብሬ እቆርጠው ነበር!

ሌላ መልስ፦ የፈለጉት ማርማላታ ከሆነ፣ ፍሬው ዘሩ በልጣጩ አሳልፎ የሚታይ፣ ኮምጣጣና ፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋው የፍራፍሬ ንጥረ ነገር) የበዛበት በመሆኑ በስኳር ብቻ ይረጋል፤ ለጅማ ግቢ ግን እኔ አጋምን እመርጣለሁ።