አስቀድሞ መሸሽን የሚለካ የኮምፒውተር ሙከራ፦ ሁሉም ተሳታፊ ቁልፉን ሲጫን ምን ይደረጋል?

ብራና (ጠያቂ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ሰዎች ደስ የማይል ነገርን አስቀድሞ መሸሽን እንዴት እንደሚማሩ የሚለካ ሙከራ በሳይኮፓይ (የሥነ ልቦና ሙከራዎች ማዘጋጃ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እያዘጋጀሁ ነው። ሰማያዊ ክብ ሲታይ ኃይለኛ ጩኸት ይከተላል፤ ቢጫው ግን ምንም አያስከትልም፤ ተሳታፊው ክቡ እንደታየ ቁልፍ ከተጫነ ጩኸቱ ይቀርለታል። በቅድመ ሙከራው ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሁለቱም ክቦች ስለተጫኑ፣ ማን ምን እንደተማረ መለየት አልተቻለም። ምን ላስተካክል?

ቀንዲል፦
መጫን ምንም የማያስከፍል ከሆነ፣ ለቢጫውም መጫን ብልህነት እንጂ አለመማር አይደለም። ስለዚህ ተሳታፊው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ጥቂት ነጥብ ይቀነስበት፤ ቅጣቱ ከበዛ ደግሞ ማንም ስለማይጫን፣ መጠኑን በጥቂት ሰዎች አስቀድመው ይፈትኑት። ከዚህም በፊት ቁልፍ የሌለበት ክፍል ቢኖር፣ ተሳታፊዎቹ የትኛው ክብ ጩኸት እንደሚያስከትል ለይተው ወደ ምርጫው ይገባሉ።

ማዕበል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቁልፉን መጫኑ ብቻውን ሰውየው ያሰበውን አይነግረንም። ክቡ እንደታየ፣ ቁልፉ ሳይቀርብ፣ ጩኸት ይመጣል ብሎ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ከ0 እስከ 100 ይጠይቁት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማውረር በ1940ዎቹ ባቀረበው የሁለት ሂደት ሐሳብ፣ ፍርሃቱ በመጀመሪያ ከምልክቱ ጋር ይቆራኛል፤ ሽሽቱም ፍርሃቱን ስለሚያቃልል ይጸናል። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ግን ለሚጠበቀው ውጤት የበለጠ ቦታ ይሰጣሉ። ሁልጊዜ የሚጫን ሰው ጩኸቱ ከነጭራሹ ቢቆም እንኳ ይህን የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም፤ ዝምታውን የቁልፉ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህን ለማየት በመጨረሻው ክፍል ጩኸቱን ያቁሙና ለግማሾቹ ቁልፉን ይተዉላቸው፣ ለሌሎቹ ይንሱአቸው፤ ከዚያም ሁሉንም ያለ ቁልፍ ይፈትኗቸው። ቁልፉ የተተወላቸው ሰዎች ጩኸት መጠበቃቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ለእኔ የዚህ ዓይነት ጥናት ዋናው ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብራና፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሙከራውን በኢንተርኔት ማካሄድስ ይቻላል?

ምልከታ፦
ጩኸቱን ይዘው ከሆነ አልመክርዎትም፤ የእያንዳንዱን ተሳታፊ የድምፅ መጠን መቆጣጠር ስለማይችሉ፣ አንዱ በጭንቅ ሲሰማው የሌላው ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። በነጥብ መቀነስ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ነጥብ ማጣት ጩኸትን ያህል ስለማያስፈራ፣ ከውጤቱ ስለ ፍርሃት ብዙ አይደምድሙ። እንዲሁም በመመሪያው ላይ «ቁልፉን ይጫኑ» ሳይሆን «ከፈለጉ መጫን ይችላሉ» ብለው ይጻፉ፤ ብዙ ሰው የተሰጠውን ቁልፍ የሚጫነው መጫን የሚጠበቅበት ስለሚመስለው ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ የማቋረጥ መብቱ በሁለቱም መንገድ ያስፈልጋሉ።