የጎንደር ባለርስት ቤተሰብን በኑዛዜና በርስት ክርክር መዝገብ ወደ ኋላ መቁጠር

ቀሐ ማዶ፦
ሰላም ለቤቱ። ደንቢያ ላይ ርስት፣ ጎንደር ከተማ ደግሞ የሪም (ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ) መሬት የነበረው አንድ ቤተሰብ ሐረጉ እየተሠራ ነው። በእጅ ያለው ሦስት ወረቀት ነው፦ የ1956 ዓ.ም. የርስት ክርክር ውሳኔ ግልባጭ፣ በ1948 የተጻፈ ኑዛዜ፣ እና ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ በእጅ የተገለበጠ አጭር ጽሑፍ። የቁስቋሙ «በብርሃን ሰገድ፣ በዘመነ ማርቆስ» ሪም መገዛቱን ይናገራል እንጂ ዓመት የለውም። ውሳኔው ላይ ስምንት ትውልድ ተቆጥሯል፤ ላይኛው ስም ግን ከቁስቋሙ ገዢ ስም ጋር አይገጥምም። ከየት ይጀመር?

አንገረብ፦
ከታች ወደ ላይ ነው የሚኬደው። የቁስቋሙን ለጊዜው ያቆዩት።

ግልባጩ ፍርዱን ብቻ ነው የሚሰጥዎ፤ ሥጋው ያለው ዋናው መዝገብ ውስጥ ነው። ከግልባጩ ራስጌ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና ቀኑን ይዘው ያመልክቱ፤ የክስ ማመልከቻውን፣ የተከሳሽን መልስና የምስክሮችን ቃል ለይተው ይጠይቁ። ቁጥሩ ካልተነበበ በከሳሽ ስም ያስፈልጉ፣ በመሬቱ ስም አይገኝም። ከሳሾቹ ብዙ ከሆኑ «እነ እገሌ» ተብሎ በመጀመሪያው ሰው ስም ነው የሚገባው። ይግባኝ ተብሎበት ከነበረም የበላዩን ፍርድ ቤት መዝገብ አይተዉ፤ የበታቹ እዚያው ተያይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። በርስት ክርክር ትውልድ የሚቆጠረው መሬት ለማግኘት ነው። ስለዚህ ከሳሽ ብቻውን የቆጠረውን አይመኑ። የሁለቱን ወገን ቆጠራ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ሁለቱም የተስማሙበት ስም ጠንካራ ነው፣ የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ጠቡ ያለበት ነው። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር ሐረጉ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ አንዴ በሴት አንዴ በወንድ ይዞራል። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ «በእናት» ወይም «በአባት» ብለው ካልጻፉ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይጠፋብዎታል። «የእገሌ ልጅ» የተባለውም አንዳንዴ የልጅ ልጅ ነው፤ ስምንት የተባለው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሊሆን ይችላል።

ፊት በር፦
ስሙ ያልገጠመው የክርስትና ስም ስለሆነ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ አንድ ሰው በክርስትና ስሙም በዓለም ስሙም ይገባል። ቁስቋምን ያሠራችውን እቴጌ ምንትዋብን ራሷን ያስቡ፦ ክርስትናዋ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ። ሦስቱን ስም የማያውቅ ሰው ሦስት ሴት አድርጎ ይቆጥራል። የርስት ተከራካሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የዓለሙን ስም ነው። ስለዚህ ስምን ከስም ከማጋጠም ይልቅ ቦታውን፣ ማዕረጉንና የእማኞቹን ስም ያጋጥሙ። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስና እማኝ የተባሉትን ሁሉ ሳይመርጡ ይገልብጡ፤ ያው ዋስ በሌላ ገጽ ዘመድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ዘመኑን በተመለከተ፦ ብርሃን ሰገድ ዳግማዊ ኢያሱ ነው፤ አድያም ሰገድ ከተባለው ከቀዳማዊ ኢያሱ ጋር እንዳይምታታ። የነገሠው ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለው 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ ማርቆስ የሚሆኑት 1726፣ 1730፣ 1734፣ 1738፣ 1742 እና 1746 ናቸው። ከስድስቱ አንዱን የሚለዩት ጽሑፉ በሚጠራቸው ሹማምንትና በደብሩ አለቃ ነው። በዓመተ ዓለም የተጻፈ ካገኙ 5500 ይቀንሱ። መፈተኛም ይሆናል፦ ፸፪፻፴፰ ብለው አንብበው ወንጌላዊው ማቴዎስ ከሆነ፣ 1738 ማርቆስ፣ 1737 ደግሞ ማቴዎስ ነውና ፯ን ፰ ብለው አንብበዋል ማለት ነው።

ቀሐ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኑዛዜው ግን የሚጠራው ሁለት ልጆች ብቻ ነው፤ ክርክሩ ላይ አምስት አሉ። የቱ ይታመን?

አንገረብ፦
ሁለቱም። ኑዛዜ የሚጠራው የሚሰጠውን ሰው ነው እንጂ ልጅ አይቆጥርም፤ ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ድርሻውን የወሰደ ልጅ ስሙ ላይነሣ ይችላል። ደግሞ የ1948 ስለሆነ «አራት ምስክር የለውም» ብለው አይጣሉት። በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር የጠየቀው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ እሱ ደግሞ የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ነው። በዚህኛው የነፍስ አባቱን ስም ይፈልጉ፤ የየትኛው ደብር ካህን እንደነበሩ ካወቁ ቤተሰቡ የየት አጥቢያ እንደነበረ ይገባዎታል።

አራዳ፦
የቁስቋሙን ግልባጭ ከዋናው ጋር ሳያስተያዩ እንዳያምኑት፤ ገልባጭ የእማኝ ዝርዝር ሲረዝምበት ይቆርጣል። ወደ ደብሩ ሲሄዱ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይያዙ። ካልሆነም የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ጽሑፎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ፤ ለዓይንም ለብራናውም ይሻላል።

ከጎንደር የወጣም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ከተማዋን ሲዘርፉ መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ከዚያ በ1860 እንግሊዞች ካጋዙት ውስጥ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። በኅዳጋቸው የመሬት ጽሑፍ ያለባቸው ስላሉ፣ እዚህ የታጣ ገጽ እዚያ ሊገኝ ይችላል። በ1880 ደርቡሽ ያቃጠለው ግን የለም፤ በዚያ በኩል ያለውን ክፍተት ባዶ ይተዉት፣ በግምት ስም አይሙሉበት።