በአዲስ አገር ሆስፒታል ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በራሴ ላይ ያለኝን መተማመን እንዴት ልመልስ?

ጠያቂ፦ የውስጥ ደዌ ነርስ

ጤና ይስጥልኝ። በውስጥ ደዌ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የቋንቋ ፈተናውንና የሙያ ምዝገባውን ጨርሼ አሁን ወዳለሁበት አገር ከመጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ስለ ፈተናውና ስለ ምዝገባው ብዙ ስለተጻፈ የእኔ ጥያቄ ስለ እርሱ አይደለም፤ ዋርድ ከተገባ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

በሥራ ላይ የቀድሞዋን ነርስ መሆን አቅቶኛል። በፈረቃ ርክክብ ጊዜ ባልደረቦቼ በፍጥነትና በምህጻረ ቃል ስለሚናገሩ፣ ስለ አንዱ ታካሚ የተባለውን ጽፌ ሳልጨርስ ወደ ቀጣዮቹ ይሻገራሉ። በስልክ ደግሞ የተናጋሪው ፊት ስለማይታየኝ የላቦራቶሪ ውጤት መቀበል እንኳ ያስጨንቀኛል። ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባትን የመሰለ፣ ቀድሞ በየዕለቱ እሠራው የነበረ ነገር፣ የሆስፒታሉን ሥልጠና ወስጄ እስክመዘን ድረስ አይፈቀድልኝም። በቅርቡ የዋርድ ኃላፊዋ ጠርታኝ «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዝም ትያለሽ፤ የምታስቢውን አናውቅም» አለችኝ። እኔ ዝምተኛ ሰው ሆኜ አላውቅም፤ የምናገረውን በልቤ አዘጋጅቼ ስጨርስ ውይይቱ አልፎ ስለሚገኝ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» እያሉ መጠየቅ ብቃት የጎደለው ሰው አያስመስልም ወይ? ሌላው ደግሞ የሥራ ውሌን ይመለከታል። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ሥራውን ብለቅ ለቅጥሬ የወጣውን ወጪ እንድመልስ የሚል አንቀጽ አለበት፤ እንዲህ ያለው አንቀጽ ምን ያህል እንደሚያስገድድ የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ምላሽ፦ የአዳዲስ ሠራተኞች አሠልጣኝ ነርስ

ውድ ባልደረባዬ፣ ከሌላ አገር ለሚመጡ ነርሶች የማለማመጃ ሥልጠና ስሰጥ ዓመታት ስላለፉ፣ የጻፉትን ከብዙዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ደጋግሞ መጠየቅ ብቃት የጎደለው ሰው አያስመስልም። ለታካሚ አደገኛ የሚሆነው፣ ልምድ ያላት ኃላፊም የምትፈራው፣ ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ የሚያልፈውን ሠራተኛ ነው።

የቋንቋ ፈተና ለዋርድ ንግግር እንደማያዘጋጅ አስቀድመው ቢቀበሉ ራስዎን መውቀስ ይቀንስልዎታል። የእንግሊዝ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይጠይቃል፤ በጀርመን ደግሞ ከነርስ በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው የጀርመንኛ ችሎታ ደረጃ ይጠበቃል። እነዚህ እውነተኛ ችሎታን የሚያሳዩ ውጤቶች ናቸው፤ ሆኖም ፈተናው የሚሰጠው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በዋርድ ግን ሞኒተሩ እየጮኸና ሌላ ታካሚ እየተጣራ፣ ተናጋሪውም በአካባቢው ዘዬ እየተቻኮለ ነው የሚሰማው። በዚህ ሁኔታ ማዳመጥ ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ እንደ ካኑላው ሁሉ በልምምድ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚናገሩበትን ቅደም ተከተል እንዲይዙ እመክርዎታለሁ። በብዙ አገሮች ኤስባር የሚባል የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ኬይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት የሚሠሩ ባለሙያዎች ለሕክምና እንዲስማማ አድርገው አመጡት። ተናጋሪው መጀመሪያ አሁን የተፈጠረውን፣ ቀጥሎ የታካሚውን የኋላ ታሪክ፣ ከዚያ የራሱን ግምገማ፣ በመጨረሻም እንዲደረግ የሚፈልገውን ይናገራል። ስልክ ከማንሳትዎ በፊት አራቱንም በወረቀት ላይ ጻፍ ጻፍ ያድርጉ። ከማሠለጥናቸው ብዙዎቹ የሚዘሉት አራተኛውን ነው። ተረኛ ሐኪም ጠርተው «የደም ግፊቱ ወርዷል» ይሉና ዝም ይላሉ፤ «አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ» ማለት ከወሰን ማለፍ ይመስላቸዋል። ይህን መናገር ግን የነርስ የሥራ ድርሻ ነው፤ ኃላፊዋ «የምታስቢውን አናውቅም» ያለችዎትም ከዚህ ተነሥታ ይመስለኛል።

በስልክ የተነገረዎትን ቁጥርና የመድኃኒት ስም ሁልጊዜ ደግመው ይናገሩ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ትክክል ነው» እስኪልም ድረስ ስልኩን አይዝጉ። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስትና ሃምሳ በቀላሉ ስለሚምታቱ፣ «አንድ አምስት»፣ «አምስት ዜሮ» እያሉ አኃዙን ለየብቻ መጥራት ይሻላል። ይህን የሚያደርገው አዲስ መጤ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም አገር ጥንቁቅ ነርስ ሁሉ ያደርገዋል።

ከንግግሩ ባልተናነሰ መለኪያዎች ያደናግራሉ፤ ብዙ ሰው ይህን አቅልሎ ያየዋል። የደም ስኳር በአንዳንድ አገሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ በሌሎች ደግሞ በሚሊሞል በሊትር ይለካል፤ በመጀመሪያው 180 የሆነው በሁለተኛው 10 ነው። ሄሞግሎቢን በአንዱ ቦታ 9 ሲባል በሌላው 90 ይባላል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች አንድ ተኩል ሲጻፍ በመሐሉ የሚገባው ነጥብ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ ስለሆነ፣ የመድኃኒት መጠን ስታነብ ለነጥብ የለመደች ዓይን ልትስት ትችላለች። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን በአሜሪካ የመጋቢት፣ በሌሎች ብዙ አገሮች የሚያዝያ ቀን ነው። መድኃኒቶቹም ስም ይለውጣሉ፤ ፓራሲታሞል አሲታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን ሆነው ይጠብቁዎታል። በዋርድዎ የሚሠራባቸውን መለኪያዎች፣ የመድኃኒት ስሞችና ምህጻረ ቃላት በኪስ ደብተር ይያዙ፤ የታካሚ ስም ግን ፈጽሞ አይጻፍበት።

ምላሽ፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

እህቴ፣ እኔም ከትውልድ አገሬ ውጭ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ከላይ የተሰጠሽ ምክር በጣም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የመላመድ ሸክሙ በሙሉ በአንቺ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም። አዲስ የመጣ ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመደበኛው የሰው ኃይል ቁጥር ውጭ ሆኖ፣ የራሱ ታካሚዎች ሳይመደቡለት፣ ከተመደበለት ልምድ ያለው ባልደረባ ጋር ሊሠራ ይገባዋል። ዋርዱ ሰው ስላነሰው ብቻ ይህ ጊዜ ተቆርጦብሽ ከሆነ፣ የሚሰማሽ መደናገር የአንቺ ጉድለት ስላልሆነ ለኃላፊዋ በግልጽ ልትነግሪያት ይገባል።

ካኑላውን በተመለከተ የተሰማሽ ቅሬታ ይገባኛል፤ ዓመታት የሠራሽበትን ነገር «አትንኪ» መባል ክብርን ይነካል። ይሁን እንጂ የሙያ ፈቃድና የሆስፒታሉ ፈቃድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉዳት ቢደርስ የሚጠየቀው ሆስፒታሉ ስለሆነ እያንዳንዱን ሠራተኛ ራሱ መዝኖ መመዝገብ ይፈልጋል፤ እዚያው አገር የተማረች ነርስም ሆስፒታል ስትቀይር ብዙ ጊዜ ይህንኑ ምዘና ታልፋለች። አንቺ የምትጠይቂው ምዘናው እንዲቀርልሽ ሳይሆን የተቆረጠ ቀን እንዲሰጥሽ ነው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። የሥራ ድርሻም ከአገር አገር እንደሚለያይ አስቢበት። በጀርመን ታካሚን ማጠብና ማብላት የነርስ ሥራ አካል ሲሆን፣ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ይህ ለአስታማሚ ቤተሰብ ወይም ለረዳት ይተዋል። ከሌላ ሥርዓት የመጣ ሰው ይህን ከደረጃው ዝቅ እንደ ማለት ሲቆጥረው አይቻለሁ፤ ነገር ግን የቆዳ ቁስልንም ሆነ የትንፋሽ ማጠርን ቀድማ የምታየው ታካሚውን የምታጥበው ነርስ ናት።

ሐኪም ለመጥራት የምታመነቺ ከሆነ በዋርድሽ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ (የታካሚው ሁኔታ እየከፋ መሆኑን በቁጥር የሚያሳይ ሥርዓት) መኖሩን አረጋግጪና በሚገባ ተማሪው። የእንግሊዙ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው፣ አተነፋፈስን፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን፣ የላይኛውን የደም ግፊት፣ የልብ ምትን፣ ንቃትንና የሰውነት ሙቀትን ይመዝናል፤ ታካሚው ኦክስጅን እየተሰጠው ከሆነም ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 5 ሲደርስ አስቸኳይ፣ 7 ሲደርስ ደግሞ የድንገተኛ ምላሽ ይጠይቃል። ለአዲስ መጤ ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ምክንያቱም «እንዲህ ይመስለኛል» ብለሽ መከራከር ሳያስፈልግሽ ነጥቡን ትናገሪያለሽ፣ ሐኪሙም ምላሽ የመስጠት ግዴታ ይኖርበታል። ነጥቡ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ታካሚው ካላማረሽም ጥሪ። እኔ ሌሊት በነርስ ጥሪ ተነሥቼ ምንም ሳላገኝ የተመለስኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ አንዱም አላናደደኝም።

ምላሽ፦ አዋላጅ ነርስ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

ስለ ውሉ ልመልስልዎ። ሁለት ዓይነት ወጪዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ኤጀንሲ ወይም ደላላ ሥራ ስላገኘልዎ የሚጠይቀው ክፍያ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው ቁጥር 181 ስምምነት፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በአንቀጽ 7 ይደነግጋል፤ በጠባቡ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። ስምምነቱን ያጸደቁት ሁሉም አገሮች ስላልሆኑ ያሉበት አገር አጽድቆት እንደሆነ ያጣሩ። ሌላው አሠሪው ለጉዞ፣ ለፈተናና ለሥልጠና ያወጣው ወጪ ሲሆን፣ እርስዎ የጠቀሱት አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ይህንን ነው።

ይህ ሁለተኛው በብዙ አገሮች በደፈናው አልተከለከለም፤ ነገር ግን ልክ አለው። በእንግሊዝ የጤና ባለሙያዎችን ከውጭ ስለ መቅጠር የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የተመላሽ ክፍያ አንቀጽ ግልጽና ከእውነተኛው ወጪ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ በየትኛውም አገር ቢሆኑ አሠሪውን የእያንዳንዱን ወጪ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በሠሩ ቁጥር የሚመለሰው ገንዘብ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑንም ያረጋግጡ። አሠሪው ማንኛውንም አዲስ ሠራተኛ ለማለማመድ የሚያወጣው ወጪ በእርስዎ ላይ ተደምሮ ከሆነ ይከራከሩበት። ዝርዝሩ ሲጠየቅ የሚያኮርፍ አሠሪ ካጋጠመዎት ውሉን ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ ይውሰዱ። አባል ለመሆን ችግር እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ብዙ ማኅበራት ከአባልነት በፊት በተፈጠረ ጉዳይ አይቆሙም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር ደንብ፣ ከሌላ አገር የመጡ ባለሙያዎች እዚያው ከተማሩት ጋር በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል እንዲታዩ ይላል። ደንቡ በውዴታ የሚፈጸም በመሆኑ ብቻውን በፍርድ ቤት አያስከስስም፤ ቢሆንም ለአሠሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ሲጠቀስ ክብደት አለው።

ፓስፖርትዎንና የትምህርት ማስረጃዎን ዋናውን ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ ይህን የምለው ሳላይ አይደለም። በመጡበት አገር ያለዎት የሙያ ምዝገባም እንዳይቋረጥ ያሳድሱት፤ ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ተቆጣጣሪ አካል ለመዛወር ቢያስቡ የመልካም ሙያ ምስክርነት መጠየቅዎ አይቀርም፣ ምዝገባው ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ ይህን ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወጪውን ዝርዝር በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከኃላፊዋ ጋር እንደገና እንድንነጋገር ቀጠሮ ይዘናል። ዝምታዬን ሰበብ እንዳቀረብኩ ሳይቆጠርብኝ እንዴት ላስረዳት?

ምላሽ፦ የአዳዲስ ሠራተኞች አሠልጣኝ ነርስ

ከማስረዳት ይልቅ በመጠየቅ ይጀምሩ። «በርክክብ ጊዜ የሚነገረውን ሁሉ ገና በፍጥነቱ ልክ አልከታተልም፤ የተጻፈውን የርክክብ ወረቀት አስቀድሜ እንዳነብ ይፈቀድልኝ» ቢሏት፣ ችግሩንም መፍትሔውንም በአንድ ጊዜ ሰጥተዋታል። ወረቀቱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ጆሮው የሚለፋው አዲስ ነገር ለመያዝ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ቀጥለው በፈረቃዎ መጨረሻ የሁለት ታካሚዎችን ርክክብ እርስዎ እንዲሰጡ፣ ኃላፊዋ ወይም ልምድ ያላት ባልደረባ አጠገብዎ ሆና እንድትሰማዎና በኋላ አስተያየት እንድትሰጥዎ ይጠይቁ። ታካሚዎቹን ቀኑን ሙሉ ስለሚያውቋቸው ቃላቱ አይጠፉዎትም፤ ቁጥሩን ቀስ በቀስ ይጨምሩታል። የካኑላውን ምዘና ቀንም እዚያው ያስቆርጡ፤ ከስብሰባው እንደወጡም የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል ይላኩላት።