ጳጉሜን ሳትገባ ራሴን ልመርምር አልኩ፤ ግን ከየት ነው የሚጀመረው?

የአዘዞው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር ነው፣ አዘዞ። ዕድሜዬ 34 ነው፣ አላገባሁም። የተመረቅሁት በኢኮኖሚክስ ነው፤ የምሠራው ግን ፒያሳ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው መጥፎ አይደለም። ግን የዛሬ ስንት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነው እስካሁን ያለሁት።

ችግሬ ይሄ ነው ብዬ ጣቴን የምቀስርበት ነገር የለም። የሚያስጮህ ነገር የለም። አልተራብኩም፣ ዕዳ ቢኖርብኝም እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ጠዋት በታክሲ ፒያሳ እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፣ እራት እንደበላሁ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ቀና ስል እኩለ ሌሊት ሆኗል። ደሞዝ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ያልቃል፤ ምን ላይ ዋለ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ማስተርስ እማራለሁ ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እናቴ ዳባት ናት። አንዳንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ደሞ ክፍት ሆኖም አልሄድም።

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ «ዘንድሮስ» እላለሁ፣ ነገሩ እስከ መስቀል እንኳ አይዘልቅም። ስለዚህ ዘንድሮ ምኞቱን ትቼ በጳጉሜን ቁጭ ብዬ ያለሁበትን በትክክል ማየት ፈልጌያለሁ።

ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ያደረጋችሁ ሰዎች ምን ጻፋችሁ? ምኑን አስቀደማችሁ? ከጻፋችሁ በኋላስ እንዴት ወደ ተግባር ገባችሁ? «በራስህ እመን» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።

ንብረት ክፍል

ወንድማለም፣ እኔ የምሠራው መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ በማውቀው ልንገርህ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የንብረት ቆጠራ አለ። ቆጠራ ላይ ትልቁ ነገር ከቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃው ብዛት ከሚመዘገብበት ካርድ፣ አለመቅዳት ነው። ካርዱ 40 ወንበር ቢል አንተ መጋዘን ገብተህ በእጅህ ትቆጥራለህ። ካርዱን የምታየው ከቆጠርክ በኋላ ነው። ቀድመህ ካየኸው ዓይንህ 40 ይፈልጋል፣ እግሩ የተሰበረውንም ወንበር ብለህ ትይዘዋለህ።

ሰው ራሱን ሲመረምርም ከካርዱ ነው የሚቀዳው። «ተምሬያለሁ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ጓደኞች አሉኝ፣ ለቤተሰቤ አስባለሁ።» ይሄ መዝገብ ላይ ያለው ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ማየት ከፈለግህ ጊዜህንና ብርህን ቁጠር። መጀመሪያ ሌላ ነገር አትጻፍ።

ብሩ ቀላል ነው። በቴሌብርና በባንክ አፕህ የላክኸውም የከፈልኸውም ሁሉ ተመዝግቧል። ሦስት ወር ወደኋላ ሂድና አንድ በአንድ ደብተር ላይ አውርደው፤ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ፓኬጅ፣ ካፌ፣ ለቤተሰብ፣ ለሰው ያበደርኸው። በጥሬው የወጣውን አታገኘውም፤ እሱን «ያልታወቀ» ብለህ ጻፈው። ይሄ ቁጥር ትልቅ ከሆነ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። ሰዓቱን ደሞ ስልክህ ራሱ ይነግርሃል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ በየአፑ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ታያለህ። የሒሳብ ሰው ስለሆንክ መደመሩ አይከብድህም፣ የሚከብደው ሳያስተካክሉ መጻፉ ነው።

ከዚያ በኋላ ካርዱን አውጣ። ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ የምትለውን ጻፍና ከቆጠራው ጎን አስቀምጠው። እናቴን እወዳለሁ ካልክ ከነሐሴ ውስጥ ስንቱ ሰዓት የእሷ ነበር? መደወልም ይቆጠራል። ማስተርስ ካልክ ለሱ የወጣ አንድ ሰዓት ወይ አንድ ብር አለ? ከሌለ ወይ በእውነት አትፈልገውም፣ ወይ ትፈልገዋለህ ግን ቦታ አልሰጠኸውም። የማትፈልገው ከሆነ ሰርዘው። እኛ የማያገለግል ዕቃ በኮሚቴ እናስወግዳለን፣ ዝም ብሎ ቦታ ስለሚይዝ። ማስተርስን መሰረዝ ነውር የለውም፣ በየዓመቱ እሱን እያሰቡ ከማፈር ይሻላል።

ሰሞነኛ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ የተረፈው ሰው ወሬ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዘይቱም ጤፉም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የልጁ ደሞዝ በሁለት ሳምንት የሚያልቀው ስላላቀደ ሳይሆን ስለማይበቃ ነው። ሰውን ራስህን መርምር ከማለታችሁ በፊት ኑሮውን እዩለት።

አስጎብኚው

@ሰሞነኛ ያልከው እውነት ነው፣ ግን መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። እኔ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። 2012 ላይ ኮሮና መጣ፣ እሱ ሳይለቅ በ2013 ጦርነት መጣ፣ በ2015 መጨረሻ ደሞ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ሌላ ተጀመረ። ፈረንጅ ቀረ። ጥር ላይ ለጥምቀት እንግዳ ይገባል፣ ከዚያ ውጭ ግን እንደ ድሮው በቱሪስት ዓመቱን ሙሉ መኖር የለም። ይሄ በእኔ ጥፋት አልመጣም፣ በእኔ ጥረትም አይመለስም።

ቁጭ ብዬ ስጽፍ ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ ጎን በእጄ የሌለውን፣ በሌላው በእጄ ያለውን። በእጄ የሌለው ጎን ወዲያው ሞላ። በእጄ ያለው ጥቂት መስመር ነበር፦ እንግሊዝኛ በደንብ እናገራለሁ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማስረዳት እችላለሁ፣ ማታ ማታ ነፃ ነኝ። ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው ነው ሌላ ሥራ የታየኝ። አሁን ማታ ማታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ልጆችን እንግሊዝኛ ንግግር አስተምራለሁ። ሀብታም አላደረገኝም፣ የቤት ኪራዬን ግን ይሸፍናል።

ስለዚህ ወንድሜ የአዘዞው፣ ኑሮ ውድነቱን በእጅህ በሌለው ጎን ጻፈው። ይጠቅማል፣ በማታዝዝበት ነገር ራስህን መውቀስ ታቆማለህ። ግን እዚያ ጎን ላይ አትደር።

እናት ከቅዳሜ ገበያ

ልጄ፣ እንደምን አለህ። እኔ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ እነግዳለሁ፣ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። መጻፉን ልጆቹ ነግረውሃል። እኔ የምልህ ብቻህን አታድርገው ነው።

ብቻዬን አስቀምጥ በነበረ ጊዜ ብር እጄ ላይ አይቆይም ነበር። ለቅሶ ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል፣ ጎረቤት ይቸገራል። ዕቁብ ከገባሁ ወዲህ ግን ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ ጠርቻለሁ። ሳምንቱን ካልጣልኩ የሚያፍረው ዋሴ ነው። ልቤ ስለጠነከረ አይደለም ያጠራቀምኩት፣ ሰው ስለሚጠብቀኝ ነው። ዕጣው ሲደርሰኝ በርበሬውን በኩንታል መያዝ ጀመርኩ፤ በኪሎ ገዝተህ በኪሎ ብትሸጥ ምን ይተርፍሃል?

አንተም አንዷን ነገር ምረጥና ለአንድ ሰው ንገር። ለሁሉ አይደለም። ቀኑ ሲደርስ «የት አደረስከው?» ብሎ የሚጠይቅህ፣ አንተም የምታፍረው ሰው ይሁን። የንስሐ አባትህ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ካልሆነም የሥራ ባልደረባህ። ለእናትህ ደሞ ዛሬ ደውልላት፣ ቆጠራው እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ሲስተር ከማራኪ

ሰላም ወንድሜ። የጤና ባለሙያ ነኝ። «የሚያስጮህ ነገር የለም» ያልከውን ደግሜ አነበብኩት። ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ስሜትህ ከወረደ፣ ወይም ድሮ ደስ የሚልህ ነገር ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍህና የምግብ ፍላጎትህም ከተቀየረ፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። እሱ በደብተር ብቻ አይፈታም። ሕክምና አለው፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄዶ መታየት ነው። ጠበል የምትሄድ ከሆነም ሂድ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ራስህን ስለመጉዳት የምታስብበት ጊዜ ካለ ደሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ሂድ።

ሌላው፣ እስከ መስቀል አይዘልቅም ላልከው። የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው በፈረንጆቹ 2010 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎቹ አንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ ከለመዱት ነገር ጋር አያያዙት፤ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ የፈጠነው 18፣ የዘገየው 254 ቀን ገደማ። አንድ ቀን መዝለል ደሞ ያን ያህል ወደኋላ አልመለሳቸውም።

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል 17 ቀን ብቻ ነው! መስቀል ላይ ቢከብድህ ገና ስለሆነ ነው፣ ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። ከመስከረም 1 ብትቆጥር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ነው የሚውለው፣ ቁስቋም። ጎንደሬ ቁስቋምን አይረሳም፣ ስለዚህ ራስህን ያን ቀን ጠይቅ። እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ያዝ፣ አምስት ነገር ባንድ ጊዜ አትጀምር።

የአዘዞው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቴሌብሩን ዝርዝር ማታውኑ አወረድኩት። ያልታወቀው ከቤት ኪራዬ በልጧል፣ ደንግጫለሁ። ማስተርስን ሰረዝኩት፤ ስጽፈው የምፈልገው ወረቀቱን ሳይሆን ከዚህ ወንበር መነሳቱን እንደሆነ ገባኝ። የመረጥኩት አንድ ነገር ይሄ ነው፦ ከእራት በኋላ ስልኬን ለአከራዬ ልጅ ሰጥቼ አንድ ሰዓት ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር እለማመዳለሁ። በትርፍ ሰዓቴ የነጋዴዎች መዝገብ መያዝ እፈልጋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰውም አግኝቻለሁ፣ የቢሯችን ዕቁብ ጸሐፊ ነው። ዕቁቡንም ገባሁ።

እማማ፣ ለእናቴ ደወልኩላት። ብዙ አወራን። ሲስተር፣ እንቅልፌ ልክ አይደለም፣ ሰኞ ሄጄ እታያለሁ።

@ንብረት ክፍል አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለሰው አበድሬ ያልተመለሰልኝ ብር ቀላል አይደለም። የት ነው የምይዘው?

ንብረት ክፍል

ተሰብሳቢ፣ ማለትም ገና ከሰው የምትቀበለው ብር፣ አድርገህ ለብቻው ያዘው፣ ስም በስም። ግን ጠፋ ብለህ ከመጻፍህ በፊት ለእያንዳንዳቸው ደውልና ጠይቃቸው፤ እስከ መስከረም 30 ቀን ስጣቸው። ባንዴ ካቃታቸው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢከፍሉም ተቀበል።