ከለንደን ወጣ ብሎ ለመዋል፦ ሌይኮክና አካባቢው (ጥቆማ)

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ለንደንን በሦስት ቀን ጨረሰቻት። «ፎቅማ ቦሌም ሞልቷል፤ እስቲ ገጠራቸውን አሳዪኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከለንደን በስተ ምዕራብ ወዳለው የዊልትሸር ገጠር ይዤ መውጣት ልማዴ ሆነ። የትኛው ቦታ ለገንዘቡ ያዋጣል፣ የትኛው ፎቶ ተነስቶ ለመመለስ ብቻ ነው እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መነሻችሁ ሌይኮክ ትሁን። ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ቺፕነም ትወርዳላችሁ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ መንደሯ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አውቶቡስም ታክሲም አለ። ሌይኮክ ከሞላ ጎደል ሙሉዋን የናሽናል ትረስት (የእንግሊዝን ቅርስ የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ናት። ማቲልዳ ታልቦት የምትባል ባለርስት በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ገዳሙንም መንደሩንም ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ቤቶቹ ግን ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ በመስኮት አጮልቃችሁ አትዩ። (እናቴ አይታለች። አንዲት አሮጊት ከውስጥ እጃቸውን አወዛወዙላት።) ጣሪያ ላይ አንቴና፣ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፤ ፊልም ሠሪዎች የሚመላለሱባት ለዚህ ነው። በመንገዶቿ መዞር ነጻ ነው። የሚከፈለው ገዳሙን ለመግባት ነው።

እሱን ደግሞ እንዳትዘሉት። የሶልዝበሪዋ እመቤት ኤላ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1232 መሠረተችው፤ ቆይታም ራሷ እመ ምኔት ሆነችበት። ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ይሄም በ1539 ተዘጋ፤ ሻሪንግተን የሚባል ሰው ገዛውና መኖሪያ አደረገው። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው፤ መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለቅስት መተላለፊያ ግን ሳይነካ ተወው። እሳት ይሞቁበት በነበረው ክፍል ውስጥ በ1500 የተሠራ፣ ከቤልጂየም ምድር የመጣ ግዙፍ ድስት ተቀምጧል። እናቴ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። «ይሄማ የደብር ንግሥ ወጥ ይሠራል» አለች። የክፍሉ ጠባቂ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ንግሥን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሌላው መታየት ያለበት አንድ መስኮት ነው። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በኦገስት 1835 በትንሽ የእንጨት ካሜራ ያነሳው መስኮት ነው። ነጌቲቩ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት የካሜራ ነጌቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሰውየው አጠገቡ በጻፈው ማስታወሻ፣ ፎቶው አዲስ ሳለ 200 ገደማ የሚሆኑት የመስታወት ቁርጥራጮች በማጉያ መነጽር ይቆጠሩ ነበር ይላል። ልጄ መስኮቱ ፊት ቆሞ መቁጠር ጀመረ። ስልሳ ላይ ሰለቸውና ብስኩት ጠየቀኝ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ገዳሙ ለእነሱ የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ለእነሱ ቦውድ ይሻላል። በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሰፊ መናፈሻ፣ ኬፓቢሊቲ ብራውን የተባለው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስቆፈረው ሐይቅ፣ እና (ዋናው ነገር) የሚንጠላጠሉበት የባሕር ወንበዴ መርከብ አለው። ለትልልቆቹ ደግሞ ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 ኦክስጅንን ያገኘባት ትንሽ ክፍል አለች። ትልቁ ቤት በ1950ዎቹ ፈርሷል፤ የምታዩት የተረፈውን ነው። ግን ልብ በሉ፦ ቦውድ የግል ነው፣ የናሽናል ትረስት ካርድ አይሠራበትም። ክረምታቸው ላይም ዝግ ነው።

ካስል ኩምን ብዙ ሰው ያሞጋግሳል። ቆንጆ ናት፤ ወንዝ፣ ድልድይ፣ የድንጋይ ቤቶች፣ አበቃ። በሃያ ደቂቃ ታልቃለች። አቅራቢያዋ የመኪና ውድድር ሜዳ ስላለ ውድድር ባለበት ቀን ጸጥታ ፍለጋ አትሂዱ። ከእሷ ይልቅ ኮርሻም ጎራ በሉ፤ ፒኮኮች ከትልቁ ቤት ወጥተው አስፋልቱ ላይ ይንጎራደዳሉ፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እንደ እኛ አገር በጎች በሉት።

ኪስ ለከዳው ሰው ኤቭበሪ። መንደሩ ራሱ በትልልቅ የቆሙ ድንጋዮች የተከበበ ነው፤ ከ4,000 ዓመት በላይ የሆናቸው። እንደ ስቶንሄንጅ በገመድ አልታጠሩም፤ ትነኳቸዋላችሁ፣ ጥላቸው ሥር ምሳ ትበላላችሁ። የመኪና ማቆሚያ ነው የሚከፈለው። የበግ ፋንድያ ስላለ ነጭ ጫማ ይቅርባችሁ።

አንዳንድ ነገር ከራሴ ስህተት። አንድ ጥር ላይ አራት እንግዳ ጭኜ ወደ አንድ የአትክልት ስፍራ ሄድኩ፤ በሩ ላይ «በመጋቢት እንገናኛለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀን። ድረ ገጹ ላይ ክፍት ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልደውል አልነሳም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከአትክልቱ ቀድሞ የሚዘጋበት ቦታ አለ፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግቡ። ሦስተኛ፣ በዓመት ሦስት አራት ቦታ ካያችሁ የናሽናል ትረስት አባልነት ያዋጣል። ጾመኛ ይዞ ለሚሄድ ደግሞ፦ የሻይ ቤቱ ስኮን (ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ነው) ቅቤ አለው፣ ላዩ ላይ ክሬም ይደፋበታል። እናቴ ረቡዕ ቀን ፊቷን አዙራበታለች። «ቪጋን» የሚለውን ቃል ብቻ ያዙ፤ አንድ ኬክ አይጠፋም። እኔ ግን ቡናዬን በተርሙስ ይዤ ነው የምሄደው፤ የእነሱ አያስደስትም።

ለሐበሻ እንግዳ የመጨረሻ መዳረሻዬ ሁሌም ባዝ ናት፤ ከሌይኮክ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ። ሰው ሁሉ ወደ ሮማውያኑ መታጠቢያ ሲጎርፍ እኛ ወደ ፌርፊልድ ሐውስ እንሄዳለን። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ቤት ነው፤ በ1958 ለከተማዋ ሰጡት፣ ለአረጋውያን እንዲሆን። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሌሎቹ ጋር ካነጻጸራችሁት ቤቱ ተራ ነው። ወርቅ የለበትም፣ ፒኮክ የለበትም።

የሄድን ቀን ካፊያ ነበር፣ ያውም በነሐሴ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ግቢው ውስጥ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ «ይሄን ብርድ በምን ቻሉት?» አለችኝ።