ሁሉን ቻይ አምላክ ለተፈጥሮ ሕግ ይገዛል?

ጥያቄ፦
እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ የተፈጥሮ ሕግ ይገዛዋል? አይገዛውም ካልን ነገም እሳት እንደሚያቃጥል በምን እርግጠኛ እንሆናለን? ይገዛዋል ካልን ደግሞ ሁሉን ቻይነቱ የት ገባ? ሊቃውንቱ ምን እንዳሉ የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

መልስ 1፦
መጀመሪያ ሁለት ነገር ለይ። አንደኛው ራሱን በራሱ የሚያፈርስ አባባል ነው፤ ለምሳሌ አራት ማዕዘን የሆነ ክብ። የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ስላልሆነ “አምላክ አይችለውም” ማለት ጉድለት አይሆንበትም። ሁለተኛው የእሳት ማቃጠል ነው። “እሳቱ ነደደ፣ ጥጡ ግን አልተቃጠለም” ብትል እንግዳ ነው እንጂ አይጣረስም። የብዙ ሰው ክርክር መላ የሚያጣው ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው።

መልስ 2፦
ጥጡንና እሳቱን ያነሳው የእስልምናው ሊቅ ጋዛሊ ነው፤ በ1095 እ.ኤ.አ. ፈላስፎችን ሊሞግት በጻፈው መጽሐፍ፣ 17ኛው ጉዳይ ላይ። የምናየው እሳቱ ሲነካው ጥጡ መቃጠሉን ብቻ ነው፤ እሳቱ ራሱ አድራጊ መሆኑን አናይም፤ አድራጊው አላህ ነው ይላል። ለእርግጠኝነት ጥያቄህም መልስ አለው፦ አላህ ልማዱን ስለሚጠብቅ ያንን ልማድ የሚከተል እውቀት በልባችን ይፈጥራል።

ብዙዎች የሚዘሉት ግን እዚያው ያቀረበውን ሁለተኛ መንገድ ነው። እሳት ባሕርዩ ማቃጠል ነው ብንል እንኳ የእሳቱ ወይም የሰውየው ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል፤ ታልክ የተባለውን ማዕድን የተቀባ ሰው እሳት ውስጥ ቢቀመጥ እንደማይጎዳው ሁሉ። ነቢዩ ኢብራሂም (አብርሃም) ከተጣለበት እሳት የዳነበትን በዚህ ያስረዳል። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ኋላ ላይ አጥብቆ ተቃውሞታል፤ ሰበብን የካደ እውቀትንም ይክዳል ብሎ። በእኔ እይታ ይህ ተቃውሞ የመጀመሪያውን መንገድ ይጎዳል፣ ሁለተኛውን አይነካውም።

መልስ 3፦
ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሠለስቱ ደቂቅን ተሸክመው የጣሉትን ሰዎች ነበልባሉ ገደላቸው፤ የሦስቱ የራስ ጠጉር ግን አልተቃጠለም። እሳቱ እሳትነቱን አልተወም። እሳት አንዴ የሚያቃጥል አንዴ የማያቃጥል ቢሆን ኖሮ ናቡከደነፆር ምን ያስደንቀው ነበር?

መልስ 4፦
አምላክ ተአምር ቢሠራ “ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ ይፈርሳል” የምትሉ ካላችሁ፣ ሕጉ የሚናገረው ከውጭ ምንም ስለማይገባበት ሥርዓት ነው። ዓለም ለፈጣሪዋ ዝግ ትሁን አትሁን፣ ያንን ፊዚክስ አይነግራችሁም። ተአምር መፈጸሙንም ይህ አያረጋግጥም፤ እሱ የምስክርነት ጉዳይ ነው።

ታሪኩም ያስተምራል። በ1277 እ.ኤ.አ. የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ 219 አባባሎችን አወገዘ። አንዱ አምላክ ሰማይን በቀጥታ መስመር ማንቀሳቀስ አይችልም የሚል ነበር፤ ምክንያቱም ከኋላው ባዶ ቦታ ይቀራል፣ በአርስቶትል ትምህርት ደግሞ ባዶ ቦታ አይኖርም። ከውግዘቱ በኋላ ሊቃውንት ባዶ ቦታ ቢኖርስ ብለው ማስላት ጀመሩ። አምላክን ሊያስሩበት የፈለጉት ሕግ ራሱ ስህተት ነበር።